አሥራ አንድ የትዕቢት ቃላት

ነገሩ የሆነው አምና፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣበት ምክንያት አንድ ነው፤ የሌላ ሰው ጉድ ላጣራ ብዬ ተነስቼ የራሴን ጉድ አገኘሁ።

ሠላሳ ዓመት ያህል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ኮተቤ ከሚገኘው ቤቴ ሳሎን ውስጥ በግል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። ቁጡ ነኝ፤ ይህን ደብቄ አላውቅም። የሰው ጉዳይ ማወቅም እወዳለሁ፤ ይህንን ግን እደብቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፎቶኮፒ ቤት በር ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አይቶ አንድ ረጅም ሰው መጣ። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ። ስሙ አርማን ነው። አገሩ ቶጎ፣ ሙያው የውሃ ምህንድስና፣ ቤቱ አያት ኮንዶሚኒየም፤ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል። የተማረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ እንግሊዝኛው ሥራ ለመሥራት ይበቃል እንጂ ለጨዋታ አይበቃም። «ማዳም» እያለ ይጠራኝ ጀመር።

ምን መማር እንደሚፈልግ ስጠይቀው ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አሥራ አንድ የእንግሊዝኛ ቃላት በጥንቃቄ ተጽፈውበታል።

«እነዚህን ብቻ» አለኝ። «በደንብ። በአሥር ቀን ውስጥ።»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። አሮጋንት፣ ሆቲ፣ ኮንዲሴንዲንግ፣ ሱፐርሲሊየስ… ከላይ እስከ ታች ስለ ትዕቢትና ስለ ክፉ ነቀፋ ነው። አንድም ደግ ቃል የለበትም። የገበያ ቋንቋ የሚፈልግ የውጭ አገር ሰው አይቻለሁ፣ የስብሰባ ቋንቋ የሚፈልግም አይቻለሁ። ስድብ መርጦ የመጣ ግን እሱ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይሄ ለምን ይጠቅምሃል?» አልኩት።

«ለሥራ።»

«የውሃ መሐንዲስ አይደለህም እንዴ?»

«ማዳም፣ ያለኝ አሥር ቀን ብቻ ነው» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ይህ ጨዋ የሚመስል ሰው ማንን ሊሰድብ ነው? አለቃውን ነው? አከራዩን ነው? ሲሄድ በመስኮት ተከትዬ አየሁት፤ ታክሲ እስኪመጣ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቃላቱን እየሸመደደ መሆን አለበት።

የሰው ጠባይ መግለጫ የሆኑ ከበድ ያሉ ቃላትን የምሰጥበት አንድ የቆየ ዝርዝር አለኝ። አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ አባዝቼ አድል ነበር። አውጥቼ ሳመሳክር አሥራ አንዱም አሉበት። ጥሩ ዝርዝር ማለት እንዲህ ነው ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

ትምህርቱ ከጠበቅኩት በላይ የሚስብ ሆነ። አሮጋንት የሚለውን ገና አንብቤ ሳልጨርስ ራሱን ነቀነቀ፤ «ይሄ የእኛም ነው» አለ፣ ፈረንሳይኛውን ማለቱ ነው። ሰውን ከላይ ሆኖ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ማለት የሆነው ኮንዲሴንዲንግም የእነሱ ነው። ሆቲ የሚለው ግን እንግዳ ሆነበት። ከፍታ ከሚለው የራሳቸው ቃል ጋር ዝምድና እንዳለው ስነግረው በጣም ተደነቀ። ሱፐርሲሊየስ ከቅንድብ የመጣ ነው፣ ቅንድቡን ሰቅሎ ሰውን የሚያይ ማለት ነው ስለው ደግሞ የራሱን ቅንድብ በጣቱ ዳሰሰ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በአማርኛስ ምን ትላላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። አፍንጫውን የነፋ፣ ልቡ ያበጠ፣ ሰውን ከሰው የማይቆጥር እያልኩ ዘረዘርኩለት። ወደ ነቀፋ ስንሻገር ሙልጭ ማድረግ፣ ልክ ልኩን መንገር፣ አፈር ድሜ ማብላት የሚሉትን ጨመርኩ። እያንዳንዱን በግማሽ እንግሊዝኛ በግማሽ በእጄ እየተረጎምኩ ሳስረዳው ሳቀ።

«እናንተም አትታሙም» አለኝ።

ግን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የተሳዳቢ አልመሰሉኝም። «ይህ ቃል አውቆ ለሚያደርግ ሰው ነው የሚባለው ወይስ ሳያውቅ ለሚያደርግም ይሆናል?» ይለኛል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ቃል የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ኮንተምፕቹየስ ነው፣ ሰውን የሚንቅ ማለት ነው አልኩት። ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አርብ ላይ አላስቻለኝም። ማንን ሊሰድብ እንደሆነ ካልነገረኝ ትምህርቱ እዚህ ላይ እንደሚቆም ነገርኩት። ማስፈራራት ልማዴ ነው፤ በልጆች ላይ ይሠራል፣ በእሱም ላይ ሠራ። ከቦርሳው ሌላ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ።

ሰዳቢው እሱ አልነበረም። የተሰደበው ነው።

በሚሠራበት ቢሮ ኮንትራት ከመታደሱ በፊት ባልደረቦች ስማቸውን ሳይጽፉ አስተያየት ይሰጣሉ። አራት ሰው የሰጠው አስተያየት ቀለል ያለ ነበር። አምስተኛው ግን አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ አሥራ አንዱም ቃላት ያሉት እዚያ ላይ ነው። ባልደረቦቹን ቅንድቡን ሰቅሎ ያያል፣ ትሑት መስሎ ሰውን ይረግጣል፣ በሐዘን ላይ ያለን ሰው እንኳ ይንቃል ይላል። በሚቀጥለው አርብ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መልስ መስጠት አለበት። መልሱ ካላሳመናቸው ኮንትራቱ አይታደስም፤ በአንድ ወር ውስጥ ቤተሰቡን ይዞ ከአገር ይወጣል። ትልቋ ልጁ ደግሞ የዓመቱን ትምህርት ገና አጋምሳዋለች።

«ምን እንደተባልኩ ሳላውቅ ምን ብዬ ልመልስ?» አለኝ። «የማላውቃቸው ቃላት ብዙም አላመሙኝም ነበር ማዳም። ያመሙኝ ከእኛ ቋንቋ ጋር የሚመሳሰሉት ናቸው። አሁን ግን ሁሉንም አወቅኳቸው።»

አፈርኩ። ቢሆንም አስተማሪ አስተማሪ ነውና ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። እንግሊዝኛው አንድ ስህተት የለበትም። እያንዳንዱ ቃል ቦታውን ይዞ ተቀምጧል።

«ይህን የጻፈ ሰው ደኅና አስተማሪ ነበረው» አልኩ ጮክ ብዬ።

አርማን ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ትተን ምርመራ ገባን። ያለፈውን ስድስት ወር አንድ በአንድ እንዲያወራኝ አደረግኩ። ጠዋት ስትገባ ሰላም ትላለህ? አዎ፣ ሁሉንም። ምሳ ከማን ጋር ትበላለህ? ከሁሉም ጋር። ሰው ተቆጥተህ ታውቃለህ? አንድ ጊዜ፣ ሾፌሩን፣ ወዲያው ይቅርታ ጠይቄያለሁ። መጽሔት ላይ እንዳለ እንቆቅልሽ ሆነብኝ። ሰውየው ትዕቢተኛ አይደለም፤ እኔ ትዕቢተኛ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ስለ ሐዘን የተጻፈውን አስታውሼ ቢሮው ውስጥ ማን እንደሞተበት ጠየቅኩት።

ሕይወት የምትባል ባልደረባው አባቷ ሞተውባት ነበር፤ አራት ወር ሆኖታል። የቢሮው ሰው ሁሉ በአንድ መኪና ለቅሶ ሄደ። አርማን ግን አልሄደም።

«ለምን?»

«ጥሪውን እየጠበቅኩ ነበር» አለኝ።

አልገባኝም። እሱም ለምን እንዳልገባኝ አልገባውም። በኋላ በደንብ አስረዳኝ። በእነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ዋናው ሥነ ሥርዓት ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚደረገው። ቤተሰቡ ቀን ይቆርጣል፣ ካርድ ያሳትማል፣ ለለቀስተኛው አንድ ዓይነት ጨርቅ ይመርጣል። ካርድ ሳይደርሰው ዘሎ የሚገባ ሰው የቤተሰቡን ሐዘን እንደ ደፈረ ይቆጠራል። ስለዚህ ካርዱን ጠበቀ። እስከዚያ ምን ላግዛት ብሎ ሲያስብ የሕይወት ጠረጴዛ ላይ የተቆለለውን ሥራ አየ። ስትመለስ ሥራ እንዳይጠብቃት ብሎ ሳምንቱን ሙሉ አምሽቶ ጨረሰላትና ለአለቃቸው ላከው። አለቃቸው በስብሰባ ላይ አመሰገነው። ካርዱ ግን ሳይመጣ ቀረ። እሱም አልጋበዘችኝም፣ አልፈለገችኝም ማለት ነው ብሎ ቅር ብሎት ዝም አለ።

ራሴን ያዝኩ። ከሕይወት ወገን ሆኜ አየሁት። አባቷን ቀብራ ስትመለስ፣ ደጇን ያልረገጠው አንድ ሰው ጠረጴዛዋን ጠርጎ ምስጋናዋን ወስዶ ጠበቃት። እኔም ብሆን እጽፍ ነበር።

«ለቅሶ ጥሪ የለውም!» አልኩት። «ማንም አይጠራህም! ሰምተህ ትሄዳለህ፣ በቃ። የቀረ ሰው ይታወቃል።»

ከዚያ «አሁን ረፍዷል?» አለኝ።

እዚህ አገር ለቅሶ አይረፍድም። ከወር በኋላም፣ ከመንፈቅ በኋላም «ሳልሰማ ቀርቼ» ብሎ የሚሄድ ሰው አለ። ይህን ስነግረው «እኔ ግን ሰምቻለሁ» አለ። ደግሞ ከኮሚቴው በኋላ ልሂድ አለኝ፤ አሁን ብሄድ ለኮንትራቱ ብሎ ነው ይሉኛል። ከአርብ በኋላ ሻንጣ ልትሸክፍ ትችላለህ፣ እሁድ እንሄዳለን ብዬ ቁርጡን ነገርኩት። እንሄዳለን ያልኩት ላግዘው ነው እንዳልል፣ እውነቱን ለመናገር ያችን ወረቀት የጻፈችውን ሰው ማየት ፈልጌ ነበር።

አርማን የሕይወትን ቤት ከቢሮው ሾፌር ጠይቆ አገኘ። ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መካከል ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሺሮ ሜዳ ወርደን ሌላ ታክሲ ያዝንና ዳገቱን ወጣን። አርማን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል። ብርዱ አንዘፈዘፈው። መንገዱን ሙሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለውን አለማመድኩት፤ «ጽ» ላይ ሲደርስ ግን በየጊዜው ይሰናከላል።

በሩን የከፈተችው ራሷ ሕይወት ነበረች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ጥቁር ሻርፕ የደረበች ቀጭን ሴት። አርማንን ስታይ ፊቷ ክስም አለ። ከዚያ እኔን አየች።

«ቲቸር?» አለች። «ቲቸር አልማዝ? እርስዎ ነዎት?»

እኔ አላወቅኳትም። ከስንት ሺህ ልጅ ማንን አስታውሳለሁ? ግን ቲቸር ስትለኝ፣ ሳሎኔ ያለው የቆየ ዝርዝር ወለል ብሎ ታየኝ። ከትናንት ወዲያ ያመሰገንኩት ደኅና አስተማሪ ማን እንደሆነ ገባኝ።

ከውስጥ እናቷ «ማነው? ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አሉ። ገባን። እማማ ዓለሚቱ ይባላሉ፤ ሰባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። አርማን ፊታቸው ቆሞ ጎንበስ አለና ያለማመድኩትን ቃል አለ። ተሰናከለ። እንደገና ሞከረ። አሮጊቷ ሁለት እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?»

እኔ አስተረጎምኩ። ከቶጎ ነው፣ ከሕይወት ጋር ይሠራል፣ በአገሩ ለቅሶ በካርድ ስለሚጠራ ጥሪ እየጠበቀ ቀርቶ ነው፣ ዘግይቼ መጣሁ ይቅርታ ይላል አልኳቸው። ስለ ቢሮው አንድ ቃል አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ሕይወት በሩ አጠገብ እንደቆመች ትሰማለች።

እማማ ዓለሚቱ ካርድ የሚለውን ሲሰሙ ሳቅም ልቅሶም መጣባቸው። «ምን ዘገየ?» አሉ። «እስከ ሰልስት ቤቱ ጠቦን ነበር። ከአርባው ወዲህ ግን ደጄን የመታ የለም። ስሙን የሚያነሳልኝ አጥቼ ነው የከረምኩት። ደግ አደረግክ።»

አርማን ባለቤታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቃቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩት። ጫካ ጠባቂ ነበሩ አሉት፤ በክረምት ጭቃው ሲያንሸራትታቸው ባሕር ዛፉን እየተሳደቡ ይገቡ ነበር። እኔ እያስተረጎምኩ፣ እሱ ራሱን እየነቀነቀ፣ አሮጊቷ ክንዱን እየያዙ። ሻይ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና ቀረበ።

ስንወጣ ሕይወት እስከ አስፋልቱ ሸኘችን። አርማን ታክሲ ሊያይ ወደፊት ሲሄድ እኔን ወደኋላ አስቀረችኝ።

«ለኮንትራቱ ነው የመጣው?» አለችኝ።

«ከአርብ በኋላ ሊመጣ ነበር። ዛሬ ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ወረቀቱን አይተውታል ማለት ነው።»

«አይቼዋለሁ።»

«ቃላቱ ከእርስዎ ዝርዝር ናቸው።»

«አውቄያለሁ» አልኳት። የሚቀጥለውን ግን አላወቅኩም ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለች የጻፈችውን ድርሰት በክፍሉ ፊት ጮክ ብዬ አንብቤ በየመስመሩ አስቄባታለሁ። ከታችም በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ድርሰት ወረቀቱን በድሎታል» ብዬ ጽፌአለሁ። ይህን ስትነግረኝ በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ የቆየ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነው የነገረችኝ።

«የዚያን ሳምንት ዝርዝርዎን በሙሉ በቃሌ ያዝኩት ቲቸር» አለች። «መጀመሪያ የሞከርኳቸው በእርስዎ ላይ ነው። በልቤ። አሥራ አንዱም ልክዎ ነበሩ።»

እኔ አላስታውስም። ልጅቷንም፣ ድርሰቱንም፣ ያን ዓረፍተ ነገርም አላስታውስም። ግን የእኔ ዓረፍተ ነገር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ዛሬም ቢሆን የምጽፈው እንዲያ ነው።

«አሁንስ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ምን ማድረግ ይቻላል? ወረቀቱ ገብቷል» አለች። ታክሲው መጣ። መሰናበቻ እንኳ በወጉ አልተባባልንም።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ አርማን በየቀኑ እየመጣ መልሱን አዘጋጀን። እኔ ጠንካራ መከላከያ ጽፌ ሰጠሁት፤ እሱ ሰርዞ በራሱ አጭር እንግሊዝኛ ጻፈው። ሕይወት ያለችኝን አልነገርኩትም። አርብ ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያየሁ ዋልኩ፤ የመጡ ልጆችን ያለ ምክንያት ተቆጣሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን አርማን ራሱ መጣ። ክራቫቱን አውልቆ በኪሱ ከቶታል። ሳይቀመጥ ይነግረኝ ጀመር።

ኮሚቴው መልስህ ምንድን ነው ሲለው አሥራ አንዱን ቃል አንድ በአንድ አነበበላቸው። አሥሩን እቀበላለሁ አላቸው። ቅንድቤ ከፍ ያለ ሊመስል ይችላል፤ መሄድ ሲገባኝ ቀርቻለሁ፤ ሳልጠየቅ የሰው ሥራ ነክቻለሁ። አንዱን ግን አልቀበልም፤ ሰው አልናቅኩም አላቸው። ከዚያ፣ ጠዋት ልግባ ብላ አስፈቅዳ ከጥግ ተቀምጣ የነበረችው ሕይወት ተነሳች።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያንን ቃል እሰርዛለሁ አለች» አለኝ። «ከዚያ ሁላችንም ፊት ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔም ጠየቅኳት።»

ኮንትራቱ ለአንድ ዓመት ታደሰ። ይህን ሲነግረኝ ነው የተቀመጠው። ሊሄድ ሲነሳ አንድ ነገር አስታወሰ።

«ሕይወት ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ» አለ። «ቲቸር ከዚያ ቀን ወዲህ ምን አሉ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ምንም አላልኩም ነበር። እደውላለሁ በላት አልኩት።

ደውያለሁም፤ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ እናቷ ጤና ጠይቄ፣ ስለ እንጦጦ ብርድ አውርቼ ስልኩን ዘጋሁ። ልዘጋ ስል ሁለቱንም ጊዜ እሷ ትንሽ ቆይታ ነው «እሺ ቲቸር» ያለችኝ፤ የምትጠብቀው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። አርማን በተሰናከለ እንግሊዝኛ በአንድ ጠዋት የተናገረውን ይቅርታ፣ እኔ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ዓመት ሙሉ መናገር አቅቶኛል። በዚህ አፍራለሁ።